ወገቤን ላለ ሰው፦ ከቻይና ባህላዊ ሕክምና ቤት ውስጥ የሚሠራውና ለባለሙያ የሚተወው

እናቴ ወገቧ ሲይዛት ሁለት ነገር ነው የምትለው። ወይ «ብርድ ነው»፣ ወይ «ኩላሊቴ ነው»። ጋቢዋን ደርባ፣ ትራስ ከጀርባዋ ሸጉጣ ትቀመጣለች። እኔም ለብዙ ዓመት ከዚህ አልፌ ጠይቄያት አላውቅም። የቻይናን ባህላዊ ሕክምና መከታተል ስጀምር ግን አንድ ነገር አስገረመኝ። እነሱም የሚያነሱት እነዚህኑ ሁለቱን ነው። ብርድ ወገብ ውስጥ ይገባል ይላሉ። ወገብ የኩላሊት ቤት ነው ይላሉ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ እኔ ምን አልኩ?» አለችኝ።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እነሱ «ብርድ ነው» ብለው አያበቁም። ብርድ ካልሆነስ ብለው ይጠይቃሉ። ሁለት ሰዎች እኩል ወገባቸውን ይዘው ቢመጡ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር አይደረግም። አንዱን ሙቀት ያሻለዋል፤ ሌላውን ያብስበታል። አንዱ ሲታሽ ይለቀዋል፤ ሌላው ሲነካ ይጮኻል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ማሸትም መቀባትም አይደለም። ወገቡን መጠየቅ ነው።

ከታች በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ። ደረጃዎቹን አትዝለሉ፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን።

1ኛ፦ ቤት ውስጥ የማይነካውን ወገብ ለዩ

ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ፣ ወይም ሽንት አልወጣ ካላችሁ፤ በጭናችሁ መሃልና በመቀመጫችሁ አካባቢ፣ ኮርቻ የሚነካው ቦታ ሁሉ ከደነዘዘ፤ እግራችሁ እየዛለ ከከዳችሁ፣ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ላይ ዝጉትና ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ለነገ የሚባል አይደለም። ነርቭ ሲጨፈለቅ ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት መክሳት ከወገብ ሕመም ጋር ከመጡም ሐኪም ይቅደም። በአገራችን የአከርካሪ ቲቢ ዛሬም አለ። ሲጀምር ተራ የወገብ ሕመም ነው የሚመስለው። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ደግሞ ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከእንስሳት የሚመጣ በሽታ ወገቡ ላይ ሊወጣበት ይችላል። ከዚህ በፊት ካንሰር የነበረበት፣ በዕድሜ የገፋና በቅርቡ የወደቀ፣ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰውም በቅድሚያ ይመርመር።

ስለ ኩላሊትም አንድ ነገር ልበል። የቻይና ባህላዊ ሕክምና «ኩላሊት» ሲል በላብራቶሪ የሚመረመረውን አካል ብቻ ማለቱ አይደለም። የሰውን የጉልበት ጎተራ፣ አጥንትን፣ እርጅናን ሁሉ በዚያ ቃል ይጠራዋል። የቻይና ባለሙያ «ኩላሊትህ ደክሟል» ቢላችሁ ኩላሊታችሁ ታሟል ማለት አይደለም። በተቃራኒው ደግሞ ሽንት ሲያቃጥላችሁ፣ ትኩሳት ሲኖራችሁና በአንድ ጎን ከጎድን አጥንት በታች ሲያማችሁ እውነተኛው ኩላሊት ኢንፌክሽን ይዞት ሊሆን ይችላል። ያን በጨው ከረጢት አታባብሉት።

2ኛ፦ ወገባችሁን ጠይቁት

ቻይናዎቹ ሁሉንም የሚያስሩበት አንድ አባባል አላቸው። ፍሰት በሌለበት ሕመም አለ፣ ፍሰት ባለበት ሕመም የለም ይላሉ። የሚፈስሰው «ቺ» የሚሉት ጉልበትና ደም ነው። ይህን የሰውነት ሥዕል እንዳለ ተቀበሉ እያልኩ አይደለም። ጥያቄዎቻቸው ግን ይጠቅማሉ። ሰው ስለ ራሱ ሕመም ቆም ብሎ እንዲያስብ ያደርጉታል።

መጀመሪያ በጣታችሁ ጫን አድርጉትና ተሰማኝ የምትሉትን ያዙ። ሲጫኑት «እሰይ» የሚያሰኝ ሕመም የድካም ሕመም ነው ይላሉ። «ተው!» የሚያሰኝ ከሆነ የቆመ፣ የታጨቀ ነገር አለ ማለት ነው። ይህች ትንሽ ፈተና ብዙ ትናገራለች።

ቀጥላችሁ መቼ እንደሚብስ አስተውሉ። ክረምት ሲገባ፣ ዝናብ ሲያጉረመርም፣ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጣችሁ ስትነሡ የሚብስ፣ ወገቡን እንደ ድንጋይ የሚያከብድ፣ ተኝታችሁ እንኳ የማይለቅ፣ ሙቅ ነገር ሲነካው ግን ፈታ የሚል ከሆነ ብርድና እርጥበት ይሉታል። የእናቴ ይኸኛው ነው።

ዕቃ ስታነሡ ወይም ስትወድቁ የጀመረ፣ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ እንደ ጩቤ የሚወጋ፣ ሲጫኑት የማይቻል፣ ማታ የሚብስ ከሆነ ደም ቆሟል ይላሉ።

ዝም ብሎ የሚያደክም፣ የሚሄድና የሚመለስ፣ ሥራ ሲበዛ የሚነሣ፣ ሲያርፉና ሲታሹ የሚሻል፣ ጉልበትን የሚያዝል ከሆነ የኩላሊት ድካም ነው። ይህ ራሱ ሁለት መልክ አለው። እጅ እግሩ የሚቀዘቅዝ ሰው ሙቀት ይወዳል። መዳፉ የሚግል፣ አፉ የሚደርቅ፣ እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሰው ግን ብዙ ሙቀት አይስማማውም።

አራተኛው ጥቂት ሰው ነው የሚያጋጥመው። ወገቡ ራሱ የሚግል፣ በሙቀትና በወበቅ ጊዜ የሚብስ፣ ሽንቱ የሚጠቁር ዓይነት ነው። እርጥበትና ሙቀት ይሉታል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ ወበቅ ውጭ የሚሠሩ ልጆቻችን ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ይህ ወገብ ጨው አይሞቅለትም፣ ጭስም አይታጠንም። ውኃ መጠጣት፣ ጥላ ውስጥ ማረፍና ቀስ ያለ እንቅስቃሴ ይሻለዋል። ሽንቱ ከማቃጠል ጋር ከሆነ ደግሞ ወደ 1ኛው ደረጃ ይመለስ።

አንድ ሰው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ለሦስት ለአራት ቀን በወረቀት ላይ መዝግቡ። መቼ ባሰ፣ ምን አሻለው? የቻይናውን መርፌ (አኩፓንክቸር የሚባለውን፣ መድኃኒት የሌለበት ቀጭን መርፌ ነጥቦች ላይ የሚሰካበትን) ለማስወጋት ብትሄዱ ባለሙያው የሚጠይቃችሁም ይህንኑ ነው።

3ኛ፦ የጨው ከረጢት

ብርድና እርጥበት ላለበት ወገብ፣ እንዲሁም እጅ እግሩ ለሚቀዘቅዝ ደካማ ወገብ፣ ቻይናውያን በቤታቸው የሚሠሩት ቀላል ነገር የጋለ ጨው ነው። እኛም ዘንድ ጨው አሙቆ በጨርቅ መተኮስን የሚያውቁ እናቶች አሉ።

ግማሽ ኪሎ ያህል ሸካራ ጨው ያዙ። ደቃቁ ከጨርቁ ያመልጣል። በደረቅ መጥበሻ ላይ አፍስሱና በመካከለኛ እሳት፣ በእንጨት ማንኪያ እያማሰላችሁ አሙቁት። ጨው መጀመሪያ ዝም ይላል። ቀጥሎ እርጥበቱን ሲተፋ ትንሽ ይጨሳል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ እንደሚቆላ ተልባ መንጫጫት ይጀምራል። ያኔ በቃው። ጥቂት የደረቀ ዝንጅብል ቆራርጣችሁ በመጨረሻው ደቂቃ ብትጨምሩበት የቻይናዎቹን አደራረግ ይመስላል፣ ሽታውም ደስ ይላል።

ከእሳቱ አውርዳችሁ ሁለት ደቂቃ አሳርፉት። ከዚያ ወፍራም የጥጥ ከረጢት ውስጥ ገልብጡትና አፉን በደንብ እሰሩት። ከረጢት ከሌለ አንዱን በሌላው ውስጥ የከተታችሁት ንጹሕ የጥጥ ካልሲ ይሆናል። ናይሎንና ፖሊስተር ይቀልጣሉ፣ አይሞከርም። ከረጢቱን በፎጣ ጠቅልሉትና በክንዳችሁ ውስጠኛ ክፍል ላይ አስቀምጣችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ። ካልቻላችሁት ለወገብም አይሆንም፤ አንድ ፎጣ ጨምሩበት።

በሆዳችሁ ተኙና ከእምብርታችሁ ሥር ትራስ አድርጉ። ከረጢቱን ከጎድን አጥንት በታች፣ ከዳሌ በላይ ባለው ሥጋ ላይ አኑሩት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። እየቀዘቀዘ ሲሄድ አንድ እጥፍ ፎጣ እያወጣችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ቆዳው ሮዝ ይምሰል እንጂ ደም አይምሰል። በላዩ ላይ ተኝታችሁ እንቅልፍ እንዳይወስዳችሁ። ጨው የሰውነትን ክብደት ተሸክሞ ሲቆይ ሳይታወቅ ያቃጥላል።

ስኳር ያለባቸውን ሰዎች እዚህ ላይ በጣም እጠነቀቅላቸዋለሁ። ስኳር ነርቭን ሲያደነዝዝ ሰውየው እየተቃጠለ አይሰማውም። እንዲህ ያለ ሰው ከረጢቱን ራሱ አይያዝ። ሌላ ሰው በየሁለት ደቂቃው ቆዳውን እያየ ይርዳው፣ ወይም ይቅርበት። ነፍሰ ጡር ሴትም ወገቧ ላይ አታድርግ።

ጨው የሚጣል አይደለም። እርጥበት ካልገባው ደግማችሁ ደጋግማችሁ ታሞቁታላችሁ። እናቴ የራሷን በቆርቆሮ አስቀምጣ «የወገብ» ብላ ጽፋበታለች፣ ወጥ ውስጥ እንዳይገባ።

ዕቃ ስታነሡ ቀጭ ብሎ ቦታው ያበጠ ወገብ ግን በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ኃይለኛ ሙቀትም ብርቱ ማሸትም ይቆየው። አልጋ ላይ ግን አትዋሉ። በቀስታ ተራመዱ።

4ኛ፦ አራት ነጥቦችን ፈልጉና ተጫኑ

መርፌ የሚወጋባቸውን ነጥቦች በጣት መጫን ይቻላል። ከ350 የሚበልጡ ነጥቦች አሉ፤ ለወገብ ግን አራቱን ካወቃችሁ ይበቃችኋል።

የመለኪያቸውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ትሱን» የሚሉት መለኪያ አለ። አንድ ትሱን የአውራ ጣት መገጣጠሚያ ስፋት ነው። ሌባ ጣትና የመሃል ጣት ሲገጠሙ አንድ ተኩል ይሆናሉ፤ አራት ጣት ሲገጠም ሦስት። ግን የማን ጣት? የታማሚው። ወፍራም እጅ ያለው ሰው ቀጭኑን ሰው በራሱ ጣት ከለካ ነጥቡን ያልፈዋል። በራሳችሁ ሰውነት ላይ በራሳችሁ ጣት ለኩ።

የመጀመሪያው «ሼንሹ» ይባላል፣ የኩላሊት ነጥብ። እጃችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጋችሁ እንደሚቆጣ ሰው ቁሙ። በእምብርታችሁ ትይዩ፣ ከአከርካሪው መሃል ሁለት ጣት ወደ ጎን ስትሄዱ እንደ ገመድ የተወጠረ ጡንቻ ታገኛላችሁ። ግራና ቀኝ አለ። በሁለቱ መሃል፣ አከርካሪው ላይ ያለውን «ሚንግመን» ይሉታል፤ የሕይወት በር ማለት ነው። ያን ግን አትጫኑት። አጥንት አይጫኑም፣ ያሞቁታል እንጂ።

ሁለተኛው ዝቅ ይላል። የዳሌ አጥንታችሁ ጫፍ ባለበት ቁመት፣ ከአከርካሪው አራት ጣት ያህል ራቅ ብሎ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ። «ያኦያን» ይሉታል፤ የወገብ ዓይን። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚነዳ ሹፌር ይህን ቦታ ስትነኩለት ዓይኑን ይጨፍናል።

ሁለቱን እንዲህ ተጫኑ። የቴኒስ ኳስ በግድግዳና በወገባችሁ መሃል አድርጉ። ኳሱ ከአከርካሪው ጎን መሆኑን አረጋግጡ። ጉልበታችሁን ትንሽ አጥፉና በቀስታ ተደገፉ። እየተነፈሳችሁ አንድ ደቂቃ ቆዩ። ሕመሙ ከ10 ቢለካ ከ5 አይለፍ። ፊት የሚያኮማትር ሕመም ጡንቻውን ይበልጥ ያስቆጣዋል። ኳስ ከሌለ ጡጫችሁን ጨብጣችሁ በጣቶቻችሁ መገጣጠሚያ ዙሪያውን እሹት። ይህ ለድካሙና ለብርዱ ወገብ ነው። እንደ ጩቤ ለሚወጋው፣ ሲነኩት ለማይቻለው ወገብ ግን ቦታውን ራሱን አትንኩ። ከሩቅ ግቡበት።

ከሩቅ የሚገቡበት ሦስተኛው ነጥብ ቋንጃ ላይ ነው። ከጉልበት ጀርባ፣ መታጠፊያው መስመር ላይ፣ ልክ መሃሉን። «ዌይጆንግ» ነው ስሙ። የቻይና ተማሪዎች ገና ሲጀምሩ በቃላቸው ከሚይዟት ግጥም አንዷ መስመር ለወገብና ለጀርባ ዌይጆንግን ፈልግ ትላለች። ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ጉልበታችሁን ጎንበስ አድርጉ፣ በሁለቱ የመሃል ጣቶቻችሁ ለአንድ ደቂቃ ለስለስ አድርጋችሁ ተጫኑ፣ ልቀቁ፣ ድገሙ። በዚህ ቦታ ትልቅ የደም ሥር ስላለ አትደብድቡት። እግሩ ላይ የደም ሥር ያበጠበት፣ ወይም አንድ እግሩ ያለ ምክንያት ያበጠና የሚያመው ሰው አይጫነው። ያ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው።

አራተኛውን እጅግ እወደዋለሁ። ወገቡ ድንገት ተይዞ መንቀሳቀስ ላቃተው ሰው ነው። በእጅ አይበሉባ ላይ ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ከሌባ ጣትና ከመሃል ጣት አጥንቶች መካከል፣ ሌላው ከቀለበት ጣትና ከትንሿ ጣት አጥንቶች መካከል። ሁለቱም በአይበሉባው ርዝመት እኩሌታ አካባቢ ናቸው። በሌላኛው እጃችሁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሁለቱንም አንድ ላይ ቆንጥጣችሁ ያዙ። ቁልፉ የሚቀጥለው ነው። እየተጫናችሁ ወገባችሁን አንቀሳቅሱት። ቆማችሁ ግድግዳ ደገፍ ብላችሁ፣ በጣም በቀስታ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ። ሁለት ደቂቃ። ከዚያ እጅ ቀይሩ። የቻይና ባለሙያዎችም እዚያው ቦታ ላይ መርፌ ሰክተው ታማሚውን «ተንቀሳቀስ» ይሉታል። ወገቡ የተያዘ ሰው ትልቁ ችግሩ ፍርሃት ነው። ሐሳቡ እጁ ላይ ሲሆን ወገቡ መፍታታት ይጀምራል።

ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ከባድ የወገብ መጫንን ትተው። ሌሎችም፣ በተለይ ቁርጭምጭሚትና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያሉት፣ በእርግዝና ጊዜ የማይጫኑ ነጥቦች አሉ።

5ኛ፦ በየጠዋቱ አሥር ደቂቃ

መጫንና ማሞቅ ብቻውን አይዘልቅም። ሳይንቀሳቀስ የዋለ ወገብ ማታ ቢሞቅም ጠዋት ይደርቃል። የቻይና አዛውንቶች መናፈሻ ውስጥ የሚሠሩት «ባዱዋንጂን» የሚባል ስምንት ክፍል ያለው እንቅስቃሴ አለ። ከስምንቱ አንዱ ለወገብና ለኩላሊት ተብሎ የተሠራ ነው።

መዳፋችሁን እስኪግል ድረስ አፋትጉት። ወገባችሁ ላይ፣ የኩላሊት ነጥቡን ባገኛችሁበት ቦታ ለጥፉትና ወደ ላይና ወደ ታች 36 ጊዜ እሹት። ከዚያ እግራችሁን በትከሻ ስፋት ከፍታችሁ ቁሙ። እየተነፈሳችሁ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ። አውርዱና መዳፋችሁን ወገባችሁ ላይ አድርጉ። በመቀመጫችሁ፣ በጭናችሁ ጀርባ፣ በባታችሁ እያንሸራተታችሁ ወደ እግራችሁ ውረዱ። ደርሳችሁ አንድ ትንፋሽ ያህል ቆዩ፣ ተመለሱ። ስድስት ጊዜ። በመጽሐፍ እንደሚሳለው ጉልበት ቀጥ ብሎ ነው፤ እኛ ግን ጉልበታችንን እናጥፍ። እግር መንካት ግዴታ አይደለም። ቋንጃ ላይ ደርሰው የሚመለሱ አሉ፣ ይበቃል።

ጎንበስ ሲሉ ሕመሙ ወደ እግር ወርዶ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ከሆነ ይህን እንቅስቃሴ ተዉት። እሱ የዲስክ ነገር ሊሆን ይችላል። በመዳፍ ማሸቱና ወገብን በቀስታ ማዞሩ ብቻ ይሁን፣ በእግር መሄዱም።

6ኛ፦ ዋግምትና ጭስ

ዋግምትን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። የቻይናው ግን ደም አያፈስስም፣ ቢያንስ በብዛት የሚሠራው። ብርጭቆ ወይም በእጅ የሚሳብ የፕላስቲክ ኩባያ ቆዳን ሳብ አድርጎ ይይዛል፣ በቃ። በፈረንጆቹ 2016 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) በሪዮ ኦሎምፒክ አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ ትከሻው ላይ ይዞት የወጣው ክብ ክብ ምልክት የዚህ ነው።

ቤት ውስጥ ብታደርጉት የሚሳበውን የፕላስቲክ ኩባያ ምረጡ፣ እሳት አትሞክሩ። ቆዳው ላይ ትንሽ ዘይት ቀቡ። ከአከርካሪው ጎን፣ ጡንቻው ላይ አስቀምጡና አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ሳቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት ደቂቃ ይበቃል፣ ከአሥር አይለፍ። ምልክቱ በአንድ በሁለት ሳምንት ይጠፋል፤ እሱ ሳይጠፋ እዚያው ቦታ ላይ አትድገሙ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ፣ ቆዳው የቆሰለ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች አይሞክሩት። በቀንድና በምላጭ የሚደረገው ዋግምት ወይም ዓረብ አገር ያላችሁ የምታውቁት ሂጃማ ሌላ ጉዳይ ነው። ምላጩና ዕቃው ለአንድ ሰው ብቻ ካልሆነ ሄፓታይተስ ቢና ኤች አይ ቪ ይተላለፋሉ። ፈቃድ ባለው ቦታ ካልሆነ ይቅር።

ጭሱ ሞክሳ ይባላል። «አይ» የሚሉትን ተክል ቅጠል አድርቀው፣ እንደ ጥጥ ፈትተው፣ እንደ ሲጋራ ጠቅልለው ከቆዳ አጠገብ የሚለኩሱት ነው። ተክሉ የኛ የጭቁኝና የአሪቲ ዘመድ ነው፣ ሁሉም አርቴሚዥያ ከሚባል አንድ ወገን ናቸው። የወባ መድኃኒቱ አርቴሚሲኒንም ከዚሁ ወገን በቻይና ከተገኘ ተክል ነው የመጣው። ቱ ዮዮ የምትባል ቻይናዊት ተመራማሪ ለዚህ ሥራ በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍላለች።

ለጀርባ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። ዘንጉን ለኩሶ፣ ከቆዳ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አርቆ፣ በኩላሊት ነጥቡና በሕይወት በር ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያንዣብባል። የሌላኛው እጁ ሁለት ጣቶች ከነጥቡ ግራና ቀኝ ይረፉ፤ ሲግል የሚያውቀው እሱም ይሁን። አመዱን ቶሎ ቶሎ ያራግፍ። መስኮት ይከፈት። አስም ያለበት ቤት ውስጥ አይጨስም። ሲያልቅ ዘንጉን አሸዋ ውስጥ ቅበሩት፣ ጠፋ ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ውስጡ እየነደደ ይቆያል። በጋለ ብረት ቆዳ መተኮስ ከዚህ ጋር አንድ አይደለም። ሞክሳ ቆዳ አይነካም።

7ኛ፦ መርፌ

ይህ የባለሙያ ሥራ ነው። ሦስት ወር ያለፈው ወገብ፣ ከላይ ያሉትን አንድ ወር ሞክራችሁ ያልተለወጠ፣ ለመርፌ ይታሰብለት።

ማስረጃውን ልንገራችሁ፣ ደስ የሚለውንም የማይለውንም። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ አኩፓንክቸርን ሊሰጡ ከሚችሉት ሕክምናዎች ጋር አስገብቶታል፣ ከአካል እንቅስቃሴና ከማሸት ጎን። የእንግሊዝ መመሪያ ደግሞ በ2016 ለወገብ አይሰጥ ብሏል። በጀርመን ከ1,100 በላይ ሰዎች ላይ የተሠራና በ2007 የታተመ ጥናት ነበር። መርፌ የተወጉት ከተለመደው ሕክምና ይልቅ በብዙ ተሻላቸው። ነገር ግን ትክክለኛ ባልሆነ ቦታ የተወጉትም ከእነሱ ብዙም ባልራቀ መጠን ተሻላቸው። ስለዚህ እኔ ነጥቡ አንድ ሚሊ ሜትር ቢስት ዓለም አይፈርስም ባይ ነኝ። ንጽሕናውና የባለሙያው ጥንቃቄ ግን ድርድር የለውም።

ስትገቡ መርፌው ከታሸገበት ሲከፈት ተመልከቱ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል መሆን አለበት። ባዶ ሆዳችሁን አትሂዱ፣ ራስ ሊያዞር ይችላል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ የልብ ምት መቆጣጠሪያ፣ እርግዝና ካለ በመጀመሪያ ተናገሩ። መርፌው ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። ሲገባ እንደ ንክሻ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ክብደትና መደንዘዝ የሚፈለገው ነው። የሚያቃጥል ወይም የሚነዝር ከሆነ ግን ዝም አትበሉ፣ ይስተካከል። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ትተኛላችሁ። በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ። ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ሄዳችሁ ምንም ካልተለወጠ ገንዘባችሁን አትጨርሱ።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ቻይና ከ1974 ጀምሮ የሐኪም ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ስትልክ ቆይታለች፤ አቃቂ ቃሊቲ ባለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም የቻይና ሐኪሞች አኩፓንክቸር ሲሰጡ ቆይተዋል። ከመሄዳችሁ በፊት አገልግሎቱ በዚያ ሰሞን እንዳለ ጠይቁ። አሜሪካ እናት አባታችሁን ያመጣችሁ ደግሞ ይህን እወቁ። ሜዲኬር (በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ያለው ሰው ወገቡ 12 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ከ2020 ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ እስከ 12 ጊዜ መርፌ ይሸፈንለታል። ከተሻለው ሌላ 8 ይጨመርለታል፣ በዓመት ከ20 አይበልጥም። ጀርመን ያላችሁም ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም መደበኛው መድን የሚሸፍነው መሆኑን ለሐኪማችሁ አንሡ።

8ኛ፦ ቅጠላ ቅጠሉን ለብቻችሁ አትንኩ

ወጥ ቤት ያለው ችግር የለውም። ዝንጅብል ያለበት የበግ መረቅ ለብርድ ወገብ የቻይናም የኛም ነው። ማታ ማታ እግርን እስከ ባት ድረስ ሞቅ ባለ የዝንጅብል ውኃ መዘፍዘፍም ደግ ነው። ካምፎርና ሜንቶል ያለበት የቻይና ቅባትም ይቀባ፤ ቀብታችሁ ግን ሙቅ ከረጢት አትደርቡበት፣ ያቃጥላል።

ስም የሌለው የቅጠል ከረጢት ሲሸጥላችሁ ግን እምቢ በሉ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ከሻጭ እጅ ተቀብዬ መጥቻለሁ። ምን እንዳለበት ስጠይቅ «ለወገብ ነው» ብቻ ተባልኩ። ሳላፈላው ጣልኩት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቤልጂየም ውስጥ ለመክሳት ተብሎ በተሰጠ ካፕሱል ውስጥ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት የቻይና ሥሮች ተምታቱ። የገባው አሪስቶሎኪክ አሲድ የሚባል መርዝ ያለበት ነበር። ከመቶ በላይ ሴቶች ኩላሊታቸው ተጎዳ፣ ካንሰር የያዛቸውም አሉ። ለወገብ ብርድ ከሚታዘዙት ሥሮች ውስጥም «ፉዚ» እና «ትሳኦዉ» በደንብ ካልተቀቀሉ የልብ ምት የሚያዛቡ መርዞች ናቸው። ባለሙያ ካዘዘላችሁ የእያንዳንዱን ሥር ስም በጽሑፍ ተቀበሉ፣ የምትወስዱትን የደም ግፊት፣ የስኳርና የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ሁሉ ንገሩት፣ ወረቀቱንም ለሐኪማችሁ አሳዩ። ወረቀት የማይሰጥ ሰው ዘንድ አትግዙ።